«ተርፋለች አይደል?»

ክቡራን እንግዶች፣ ውድ የሙያ ጓደኞቼ፣ እንደምን አረፈዳችሁ!

ከብዙዎቻችሁ ጋር በቃጠሎ ክፍል ሌሊቱ ነግቶብናል። ፋሻ የሚቀየርበት ቀን ምን እንደሚመስል ለእናንተ አልነግርም። ስለ አንዲት ልጅ ግን ልንገራችሁ።

የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። የፈላ ሽሮ ክንዷ ላይ ተገለበጠባት። ሳምንታት አብረን ቆየን። ፋሻውን ስፈታ እንዳታለቅስ ተረት እነግራታለሁ፤ ተረቱ ሲያልቅብኝ እሷ ትነግረኛለች። ቁስሉ ሲደርቅ እናቷ እልል ብላ ወሰደቻት። በዓመቱ ተመለሱ። ክንዷ ታጥፎ ቀርቷል። ጠባሳው ክርኗን እንደ ጠፍር አስሮታል። ከመሶብ እንጀራ ለመቁረስ መላ ሰውነቷን ታዘነብላለች። እናቷ፣ «ሲስተር፣ ድናለች ብላችሁኝ አልነበር?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። አንድ አለቃዬ ዘንድ ወሰድኳት። ቀና ብሎ እንኳ በደንብ ሳያያት፣ «ተርፋለች አይደል? ጠባሳ የውበት ጉዳይ ነው» አለኝ።

ይህን ቃል ዛሬም እሰማለሁ። አልቀበለውም! ጠባሳ አያልበውም። ጸጉር አያበቅልም። ልጅ ስታድግ አብሯት አይለጠጥም። ጥንካሬው ቢበዛ የጤነኛ ቆዳን 80 በመቶ ቢደርስ ነው። የእኛ ጥቁር ቆዳ ደግሞ ለኬሎይድ፣ ማለትም ከቁስሉ ዳር አልፎ ለሚያብጥ ጠባሳ፣ ይበልጥ የተጋለጠ ነው። ይህ ሁሉ የውበት ጉዳይ ነው?

ጠባሳ የግድ አይደለም። ሁላችንም በእናታችን ማህፀን ሳለን፣ እስከ 24ኛው ሳምንት ገደማ፣ ቆዳችን ቢቆረጥ ምልክት ሳይተው ይድን ነበር። ሰውነታችን ያውቅበት ነበር ማለት ነው።

እሾሃማ አይጥን ተመልከቱ። ዝርያዎቿ በእኛም አገር አሉ። ጠላት ሲይዛት ቆዳዋን ጥላ ታመልጣለች። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት ኬንያ ውስጥ የተያዙትን መርምሮ ነበር። ከጀርባቸው ቆዳ እስከ 60 በመቶ የጣሉ ተገኝተዋል። ቆዳው ከነጸጉሩ መልሶ ይበቅላል!

የአሜሪካው የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 አንድ ምክንያት አሳዩን። ቁስል ሲወጠር ፋይብሮብላስት የሚባሉት ሴሎች ውጥረቱን ይሰሙና ጠባሳ መሥራት ይጀምራሉ። ለዓይን ሕመም በምንጠቀምበት፣ ቨርቴፖርፊን በተባለ መድኃኒት ያንን መልእክት ሲያግዱት፣ የላብራቶሪ አይጦች ቁስል ከነጸጉሩና ከቆዳ ዕጢዎቹ ጋር ዳነ።

ባዶ ተስፋ ይዤ አልመጣሁም። ከፅንስ ቆዳ ትምህርት ተወስዶ የተሠራው አቮተርሚን የተባለ የጠባሳ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2011 በመጨረሻው የሰው ሙከራ ወድቋል። መንገዱ ረጅም ነው። ግን የእኛ ቆዳ ያልተሞከረበት መድኃኒት ነገ ቢመጣ፣ ለእኛ ሕሙማን ይሠራል ብዬ እንዴት ልመን? ሙከራው ሲጀመር እዚያ መገኘት አለብን።

እስከዚያው ክንዱን ዘርግቶ የሚይዘው ስፕሊንቱ፣ ጠባሳው ላይ የሚደረገው ሲሊኮኑ፣ ፊዚዮቴራፒው አይቅር። የመውጫ ካርዱ ላይ «ድናለች» ብለን ከመፈረማችን በፊት፣ ልጅቷ ክንዷን ዘርግታ ታሳየን።

አመሰግናለሁ።