አጥር ላይ የተቀመጠው ንስር አይደለም፦ ስለ ስኮትላንድ ወፎች የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ባለፈው ቅዳሜ ስልኩ አላርፍ ብሎ ነበር የዋለው። ግማሹን ጥያቄ እንኳ ሳንነካ ሰዓቱ አለቀብን። አዘጋጁም «የቀረውን ጽፈህ መልስ» ስላለኝ ይኸው። ወሮቹን፣ ዓመቶቹንና ወቅቶቹን በፈረንጅ ነው የምጠራው፤ በጋ ስል ሙቀቱን፣ ክረምት ስል ብርዱን ነው። ስለ ሰዓቱ ደግሞ የራሴ ጉድ ስላለኝ እሱን ከታች እነግራችኋለሁ።

ከአበርዲን የደወሉ አባት፦ «ኒውበርግ ላይ፣ ወንዙ ባሕር በሚገባበት፣ ወፍ ሞልቷል ብለው ልጄ ወሰደኝ። እኔ ያየሁት ጭቃ ነው። ወፉ የታለ?»

አባቴ፣ ወፉ እዚያው ነበር። እርስዎ የደረሱት ባሕሩ ጎድሎ ሳለ ነው። ይህ የይታን ወንዝ ይባላል፣ ከአበርዲን በስተሰሜን 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ነው ባሕር የሚገባው። ባሕሩ በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይጎድላል። ሲጎድል ያ ሁሉ ጭቃ ይገለጥና ወፎቹ ትልና ቀንድ አውጣ ሲለቅሙ እስከ ጥግ ድረስ ይበተናሉ፣ ከመንገድ ሆኖ ለሚያይ ሰው ጥቁር ነጥብ ናቸው። ውኃው ሲመለስ ግን ጭቃው እየጠበበ ይመጣል፣ እነሱም እየተገፉ እየተገፉ ወደ ዳር፣ ወደ እርስዎ ይጠጋሉ። ስለዚህ ወፎቹን ፍለጋ ጭቃው ውስጥ መሄድ አያስፈልግም። ባሕሩ የሚሞላበትን ሰዓት ቀድመው ይጠይቁ፣ ሁለት ሰዓት ያህል ሲቀረው ይድረሱና ቁጭ ይበሉ። ወንበር ይያዙ።

አሁን ጉዴን ልናገር። አንድ ጊዜ ለጓደኞቼ «ቅዳሜ ባሕሩ 2 ሰዓት ላይ ይሞላል፣ አንድ ሰዓት ቀደም ብላችሁ ኒውበርግ ድረሱ» ብዬ ጻፍኩላቸው። ጠዋት ማለቴ ነው፣ በኛ ሰዓት። ግማሾቹ በጨለማ ተነስተው መጡ፣ አብረን አየን፣ ቡናችንን ጠጣን። እዚሁ ያደጉት ግማሾቹ በፈረንጅ ቆጥረው ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ፣ ማለትም በነሱ 13:00፣ ከች አሉ። በሁለቱ አቆጣጠር መካከል ያለው ልዩነት ስድስት ሰዓት ነው። ባሕሩም ከሙላት ወደ ጉድለት ለመድረስ የሚፈጅበት ስድስት ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ነው። ሆን ብዬ ባሳስታቸው እንኳ ከዚህ የባሰ ሰዓት አላገኝም ነበር። ልክ እንደርስዎ፣ ጭቃ አይተው ተመለሱ። እስከ ዛሬ ይሰድቡኛል።

ደግመው ሲሄዱ አይደር የሚባለውን የባሕር ዳክዬ ይፈልጉ። ወንዱ ጥቁርና ነጭ ነው፣ ማጅራቱ ላይ ደግሞ አረንጓዴ የተነካካ ይመስላል። ዋናው ግን ድምፁ ነው። በጸደይ ወንዶቹ ተሰብስበው «ኧ-ኡኡ!» ይላሉ፣ አዲስ ሐሜት የሰማች ጎረቤት ቁርጥ። ምግቡ ሙስል የሚባለው ባለ ሁለት ቅርፊት የባሕር እንስሳ ነው፣ ከነቅርፊቱ ይውጠውና ሆዱ ውስጥ ይፈጨዋል። በማዶው አሸዋ ላይ እንደ ጆንያ ተጋድመው የሚያዩዋቸው ደግሞ ሲል የሚባሉት የባሕር ውሾች ናቸው። ከኒውበርግ በኩል ሆነው ይዩዋቸው እንጂ ወደ እነሱ አይጠጉ፣ ሲደነግጡ ተንጋግተው ውኃ ውስጥ ይገባሉ።

ከኤደንብራ የደወለች እናት፦ «መኪና የለኝም፣ ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ትልቁ 9 ዓመቱ ነው። ቅዳሜ ወጥተን ማታ የምንመለስበት ቦታ?»

እህቴ፣ ኖርዝ በርዊክ ሂጂ። ከዌቨርሊ ጣቢያ በባቡር ግማሽ ሰዓት አለፍ ቢል ነው። ባሕሩ ዳር ስትደርሺ በስተምሥራቅ ውኃው ውስጥ የቆመ ትልቅ ድንጋይ ታያለሽ፣ ባስ ሮክ ይባላል። በበጋ ኖራ የተቀባ ይመስላል። ኖራ አይደለም፣ ወፍና የወፍ ኩስ ነው። ጋኔት የሚባለው ትልቅ ነጭ የባሕር ወፍ በዓለም ላይ በብዛት ከሚሰፍርባቸው ቦታዎች አንዱ ይህ ነው፤ በ2014 ሲቆጠር 75,000 ጥንድ ገደማ ተገኝቷል። በ2022 የወፍ ጉንፋን ገባበትና ብዙ ፈጀ፣ በቀጣዩ ዓመት ሲቆጠር ከሩብ በላይ ቀንሶ ነበር።

ለልጆቹ አንድ የቤት ሥራ ልስጥሽ። የጋኔት ዓይን ክቡ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ነው። ከዚያ በሽታ የተረፉ አንዳንዶቹ ግን ዓይናቸው ጠቁሯል። ወደቡ አጠገብ ያለው የባሕር ወፎች ማዕከል ድንጋዩ ላይ የተተከሉ ካሜራዎች አሉት፣ ልጆቹ ራሳቸው እያዞሩ በቅርብ ማየት ይችላሉ። ጥቁር ዓይን ይፈልጉ። የ9 ዓመቱ ልጅሽ ከዚያ ካሜራ ላይ አይነሳልሽም፣ እወቂው።

ከባሕሩ ዳር ሆነሽ ደግሞ ሲያጠምዱ ጠብቂ። ከ30 ሜትር ከፍታ ክንፉን ወደ ኋላ ሰብስቦ ራሱን ይወረውራል፣ ውኃውን ሲመታ ፍጥነቱ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ፊቱና ደረቱ ሥር አየር የሞሉ ከረጢቶች ስላሉት ነው የማይጎዳው። ጀልባ ድንጋዩን ዞሮ ይመለሳል፣ ግን ነፋስ ካለ አይወጣም፣ ስለዚህ ለልጆቹ ቀድመሽ ቃል አትግቢ። ከፌብሩዋሪ እስከ ኦክቶበር ድረስ ወፎቹ አሉ።

ከፍራንክፈርት፦ «እናቴ ከአዲስ አበባ እየመጣች ነው። ኦገስት መጨረሻ ላይ ስኮትላንድ ወስጄ ያቺን ባለ ቀለም መንቁር ወፍ፣ ፓፊንን፣ ላሳያት አስቤአለሁ።»

አይሆንም። ፓፊን ኤፕሪል ላይ መጥቶ ጫጩቱን ካሳደገ በኋላ ኦገስት ሲገባ ወደ መሐል ባሕር ይሄዳል፣ ክረምቱን በሙሉ መሬት አይረግጥም። ትኬቱ መቀየር ከቻለ ጁን ላይ አድርገው፣ ከአንስትራዘር በጀልባ ወደ ሜይ ደሴት ውሰዳት። ካልተቻለ ጋኔቱን አሳያት። እማማ ኮፍያ ይያዙ። ጁን ላይ ከሆነ ደሴቱ ላይ ተርን የምትባል ቀጭን ነጭ ወፍ ጎጆዋን ስትከላከል ሰው አናት ላይ በመንቁሯ ትወጋለች።

ከግላስጎው የደወለ ወጣት፦ «ወደ ኢንቨርነስ ስንሄድ መንገድ ዳር አጥር እንጨት ላይ ንስር አየሁ። ፎቶውን ልኬላችኋለሁ። ወርቃማው ንስር ነው አይደል?»

ወንድሜ፣ ፎቶው ደርሶኛል፣ ቆንጆ ነው። ንስር ግን አይደለም። ባዛርድ ይባላል። እዚያ አገር ሰዎች ሲቀልዱበት «የቱሪስት ንስር» ይሉታል፣ እንግዳ ሁሉ ንስር አየሁ እያለ ስለሚምልበት። አትፈር፣ እኔም የመጀመሪያውን ዓመት ሙሉ ምያለሁ። ባዛርድ አጥርና ስልክ እንጨት ላይ መቀመጥ ይወዳል፣ እንደ ድመት ሚያው ይላል፣ ክንፉ ከጫፍ ጫፍ 1 ሜትር ከ20 ቢሆን ነው። ወርቃማው ንስር 2 ሜትር ይሆናል፣ ብዙም አይጮህም፣ መኪና የሚያልፍበት አጥር ላይ ተቀምጦ ፎቶ አንሱኝ አይልም።

እውነተኛውን ካሰኘህ ከኢንቨርነስ ወደ ደቡብ ቶማቲን ድረስ ናና ወደ ፊንድሆርን ሸለቆ ግባ። መንገዱ አንድ መኪና ብቻ ነው የሚያሳልፈው። በየቦታው ያለው ሰፋ ያለ ቦታ ለመተላለፊያ ነው፣ እዚያ ላይ መኪና ማቆም ነውር ነው፣ ነዋሪው ይናደዳል፣ ልክም ነው። መንገዱ እስከሚያልቅበት ኮይግናፈርን ድረስ ሂድና መኪናህን አቁመህ ውጣ። በጠዋት አትንገብገብ፣ ንስሩ አየሩ ሞቅ እስኪል፣ እስከ ረፋዱ ድረስ፣ አይነሳም። ዝናብ በቆመበትና ነፋስ ባለበት ቀን ይሻላል። ከዚያ ጀርባህን ለድንጋይ ሰጥተህ ተቀመጥና የተራራውን ጠርዝ ብቻ እይ፣ ሰማዩ ከኮረብታው የሚገናኝበትን መስመር። መሐል ሰማይ ላይ የሚፈልግ ሰው አንገቱ ይታመማል እንጂ አያገኝም። አንድ ሰዓት ስጠው፣ ሁለት ሰዓት ስጠው። ብዙ ሰው ስምንት ቦታ በአንድ ቀን ሊያዳርስ ሲሮጥ ስምንቱንም ያጣል፣ እኔ በቀን አንድ ቦታ፣ ቢበዛ ሁለት ነው የምለው።

ነፋስ ከሌለና ከደመነ በበጋ ሚጅ የሚባል ደቃቃ ነካሽ ዝንብ ይወርድብሃል። መረብ ያለው ኮፍያ ግዛ፣ ሰው ቢስቅም ግዛ።

ደግሞ ይህን ታውቃለህ? ያው ወርቃማ ንስር ባሌ ተራሮች ላይም ይኖራል፣ ዝርያው አንድ ነው። ስሜን ላይ ገደል አፋፍ የሚንሳፈፈው ቀይ መንቁርና ቀይ እግር ያለው ጥቁር ቁራም ስኮትላንድ ውስጥ አይላ የሚባለው ደሴት ላይ አለ። ለዚያኛው ግን የአንድ ቀን ጉዞ አይበቃም።

ከሐዋሳ የደወለ አድማጭ፦ «ሐይቃችን ላይ ዓሣ የሚያጠምደው ንስር ከስኮትላንድ እየተመላለሰ ነው ይባላል። እውነት ነው?»

እናንተ ጋ ዛፍ ላይ ሆኖ የሚጮኸው፣ ራሱና ደረቱ ነጭ የሆነው፣ የአገሩ ልጅ ነው፣ የትም አይሄድም። ግራ ያጋባችሁ ኦስፕሬይ የሚባለው ሌላ ዓሣ አዳኝ ሳይሆን አይቀርም፣ እሱ በእርግጥ ስደተኛ ነው። የስኮትላንዶቹ ግን በአብዛኛው ክረምቱን የሚያሳልፉት ምዕራብ አፍሪካ፣ ሴኔጋልና ጋምቢያ አካባቢ ነው። እንቁላል ሰብሳቢና ጠመንጃ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ ከስኮትላንድ አጥፍቷቸው ነበር። በ1950ዎቹ ጥንዶች በራሳቸው ጊዜ ተመልሰው ሎክ ጋርተን የሚባል ሐይቅ ዳር ጎጆ ሠሩ። በ1958 ጠባቂ እያለ እንቁላሉ ተሰረቀ። በ1959 ወፍ ጠባቂ ማኅበሩ ጎጆውን መደበቁን ትቶ ለሕዝብ ከፈተው፣ ሁሉ ሰው ካየው ሌባው አይደፍርም ብሎ። ሠራለት።

ስለ መነጽር የጠየቃችሁ አራት ሰዎች፦ «8 በ42» የሚል ግዙ። 8 ማለት ስምንት እጥፍ ያቀርባል ማለት ነው፣ 42 ደግሞ የፊተኛው መስታወት ስፋት በሚሊ ሜትር ነው፣ ብርሃን የሚያስገባው እሱ ነው። ያገለገለ ቢሆንም ችግር የለውም። ኢንተርኔት ላይ «50 እጥፍ» እያለ የሚሸጠውን ግን ተዉት፣ እጅ ላይ ሲንቀጠቀጥ ወፉ ሁለት ይሆናል።

ከፐርዝ፦ «እውነቱን ንገረኝ። ጥቁር ሰው ነኝ፣ መነጽር አንጠልጥዬ በሰው እርሻ ስዞር ፖሊስ ቢጠሩብኝስ?»

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ሰው አፍሮ አይጠይቅም። ሕጉ ካንተ ጋር ነው። ስኮትላንድ ውስጥ በ2003 በወጣው የመሬት ሕግ መሠረት ማንም ሰው በኃላፊነት እስከሄደ ድረስ በአብዛኛው መሬት ላይ፣ የግል ቢሆንም፣ በእግሩ ማለፍ ይችላል። የሰው ቤት ግቢና የበቀለ ሰብል ውስጥ አይገባም። በር ከፍተህ ካለፍክ መልሰህ ዝጋ። በመኸር ሸለቆዎቹ ውስጥ አጋዘን ስለሚታደን ማስታወቂያውን አንብብ።

ዓይን አይበዛብህም አልልህም፣ ይበዛብሃል። እኔ የማደርገውን ልንገርህ። እኔው ቀድሜ ሰላም እላለሁ፣ እንደ አገራችን። ወፍ ማያ ጎጆ ውስጥ ስትገባ ቁጭ ያሉት ሽማግሌዎች «ኤኒቲንግ አባውት?» ይሉሃል፣ ምን አየህ ማለታቸው ነው። አንድ ወፍ ጥራላቸው፣ አለቀ፣ ዘመድ ሆንክ። ባለፈው አንዱ ቆሎ ሰጥቼው እስከ መጨረሻው ፍሬ ጨረሰብኝ።

የማይፈቀደውም ይታወቅ። በ1981 ሕግ መሠረት እንደ ንስርና ኦስፕሬይ ያሉትን ወፎች ጎጆ ላይ ሳሉ መረበሽ ወንጀል ነው። ካፐርኬሊ የሚባለውን ትልቅ የጫካ ዶሮ ደግሞ በጸደይ ፈልጋችሁ አትሂዱ፣ የቀረው 500 ገደማ ብቻ ነው።

ከዳንዲ የደወለ አድማጭ፦ «የሌሊት ፈረቃ ነው የምሠራው። 12 ሰዓት ላይ እወጣለሁ። ለኔ የሚሆን ነገር አለ?»

አለ፣ እንዲያውም ላንተ የተሠራ ነው። ኦክቶበር ላይ ከሥራ እንደወጣህ ወደ ሞንትሮዝ የሚሄደውን ባቡር ያዝ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። ጣቢያው ራሱ የባሕር ውኃ የሚሞላበትና የሚጎድልበት ሰፊ ገንዳ ዳር ላይ ነው ያለው። ከአይስላንድና ከግሪንላንድ የሚመጡ እግራቸው ሮዝ የሆነ ዝይዎች፣ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ፣ ሌሊቱን እዚያ ያድራሉ። ቀበሮ ስለማይደርስባቸው ነው። በወሩ አጋማሽ ፀሐይ የምትወጣው በነሱ 7:40 ገደማ ነው፣ በኛ 1 ሰዓት ከ40፣ ይኸው ሁለቱንም ጻፍኩት። ከዚያ በፊት ድረስ። መጀመሪያ ድምፅ ነው የምትሰማው፣ የገበያ ጫጫታ ከሩቅ እንደሚሰማው። ከዚያ አንዱ መንጋ ይነሳል፣ ሌላው ይከተላል፣ አናትህ ላይ መስመር እየሠሩ ገለባ ወደቀረበት እርሻ ያልፋሉ። ጋቢህን ከካፖርቱ ሥር ልበሰው፣ ነጭ ነገር ሲውለበለብ አይወዱም።

ስትመለስ ግን ስልክህን ደወል ሙላበት። ባቡሩ ዳንዲ ላይ አያልቅም፣ እንቅልፍ ከወሰደህ ኤደንብራ ነው የምትነቃው።