ዓሣው የት ላይ እንደሚሞት
በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ በሊቀ መንበሩ በጅማ ከተማ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ከዩኒቨርሲቲና ከምርምር ማዕከላት የመጣችሁ ባለሙያዎች፣ ከግልገል ጊቤ ዳርቻ ሥራችሁን ትታችሁ የተገኛችሁ ዓሣ አስጋሪ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን፣ ክቡራን እንግዶች፤ እንኳን ወደ ጅማ በደህና መጣችሁ። ባጋ ናጋን ዱፍታን። አዘጋጅ ኮሚቴው ቡናው እንደማይቋረጥ ቃል ገብቶልኛል፤ እኔም ንግግሬን ከመጀመሪያው ቡና በፊት ለመጨረስ ቃል እገባለሁ።

መርሐ ግብሩን ያያችሁ አንዳንዶቻችሁ ትናንት ማታ «ሳልሞንን ጅማ ምን አመጣው?» ብላችሁ ጠይቃችሁኛል። ተገቢ ጥያቄ ነው። በወንዞቻችን ሳልሞን የለም። ዘመዱ ትራውት ከኬንያ መጥቶ በባሌ ወንዞች ተለቅቋል፤ ሳልሞን ራሱ ግን እኛ ዘንድ የሚታወቀው በቆርቆሮ ታሽጎ ነው። የማነሳው አንድ ሊጠፋ የደረሰ ዓሣን ለማዳን ምን እንደሚቆጠር፣ የት እንደሚቆጠርና ከቆጠራው በኋላ ምን እንደሚደረግ ብዙ ዋጋ ከፍለው የተማሩት የሳልሞን ሰዎች በመሆናቸው ነው። ዓመታቱን በፈረንጆች አቆጣጠር እጠራለሁ።

በአሜሪካ፣ በአይዳሆ ተራሮች መካከል፣ ሬድፊሽ የሚባል ሐይቅ አለ። ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ያህል ነው፤ ከጅማ ከተማ ይበልጣል። ሶክአይ የተባለው ሳልሞን ከፓስፊክ ውቅያኖስ ተነስቶ፣ ወንዝ ለወንዝ 1,450 ኪሎ ሜትር ገደማ ሽቅብ ተጉዞ፣ ስምንት ግድቦችን አልፎ ወደዚህ ሐይቅ ይወጣል። እዚያ እንቁላሉን ይጥልና ይሞታል። በ1991 ይህ ዓሣ ለመጥፋት ከተቃረቡ ፍጥረታት ተርታ በሕግ ተመዘገበ። በማግሥቱ ዓመት ሐይቁ የደረሰው አንድ ዓሣ ብቻ ነበር፤ እርሱም ወንድ። ከ1991 እስከ 1998 ባሉት ዓመታት የተመለሱት የዱር ሶክአዮች በድምሩ 16 ናቸው።

ይህንን ቁጥር የማወቃቸው ነገር ራሱ ያስቀናል። ሶክአዩ ከባሕር ሲወጣ በሚያልፍበት በኮሎምቢያ ወንዝ ላይ ባለው በቦነቪል ግድብ ከ1938 ጀምሮ ዓሣ ይቆጠራል። ለዓሣው መውጫ የተሠራው የውሃ ደረጃ አንድ ቦታ ላይ ይጠብባል፤ ዓሣው በመብራት በደመቀ መስኮት ፊት ለፊት ያልፋል፤ ቆጣሪው ከመስታወቱ ወዲህ ተቀምጦ ዝርያውን እየለየ ይመዘግባል። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ሽልማት የሚያስገኝም አይመስለኝም። ሆኖም ከሰማንያ ዓመት በላይ ሳይቋረጥ በመሠራቱ ዛሬ ማንም ተነስቶ «ዱሮም እንዲሁ ነበር» ሊላቸው አይችልም።

ቆጠራ ግን የተመለሰውን ብቻ ከያዘ ጎዶሎ ነው። ደረቅ ቡናውን ብቻ የሚመዝን ገበሬ ምርቱ መቀነሱን ያውቃል፤ አበባው ረግፎ ይሁን፣ ፍሬውን በሽታ መትቶት ይሁን፣ ወይስ ሌባ ማታ ከማድረቂያ አልጋው ላይ አፍሶት፣ ሚዛኑ አይነግረውም። የሳልሞን ሰዎች ይህንን ሲረዱ ከእንቁላል ተፈልፍሎ ወደ ባሕር የሚወርደውንም የዓሣ ጫጩት መቁጠር ያዙ። በጫጩቱ ሆድ ውስጥ ከሩዝ ፍሬ እምብዛም የማይበልጥ፣ ባትሪ የሌለው፣ በመስታወት የተሸፈነ መለያ ያስገባሉ። እያንዳንዱ መለያ የራሱ ቁጥር አለው። ዓሣው በየግድቡ የተተከለውን አንባቢ መሣሪያ ሲያልፍ ቁጥሩ ይነበባል። በዚህም ሞቱ በየትኛው ግድብና በየትኛው ግድብ መካከል እንደሆነ ይታወቃል።

አሁን ዛሬ የመጣሁበትን ታሪክ ልንገራችሁ። የቀሩትን ጥቂት ሶክአዮች በማራቢያ አቆይተው ዘራቸውን ካተረፉ በኋላ፣ በ2013 ስፕሪንግፊልድ የሚባል አዲስ ማራቢያ ሥራ ጀመረ። ዓላማው በዓመት እስከ አንድ ሚሊዮን ጫጩት ማሳደግ ነበር። ጫጩቶቹ በገንዳው ውስጥ ሲታዩ ጤነኞች፣ ወፍራሞች፣ ፈጣኖች ነበሩ። ጎብኚ ቢመጣ አድንቆ የሚሄድ፣ የዓመቱ ሪፖርትም «ዕቅዱ ተሳክቷል» ብሎ የሚዘጋ ዓይነት ሥራ ነው። የለቀቁትን ብቻ ቢቆጥሩ ኖሮ እኛም እንደምናደርገው ያጨበጭቡ ነበር። መለያዎቹ ግን ሌላ ነገር ተናገሩ፤ ከ2015 ጀምሮ ከተለቀቁት ውስጥ አብዛኞቹ የመጀመሪያውን ግድብ እንኳ ሳያዩ እየቀሩ ነበር። ከሌላ ማራቢያ መጥተው በዚያው ወንዝ የተለቀቁት ደግሞ በተሻለ ሁኔታ ይደርሱ ነበር። ወንዙ አንድ፣ ግድቡ አንድ፣ አዳኙ ወፍም አንድ ነው። ልዩነቱ ያለው ዓሣው ባደገበት ውሃ መሆን አለበት ማለት ነው። ሲመረመር የስፕሪንግፊልድ ውሃ ማዕድን የበዛበት ጠንካራ ውሃ ሆኖ ተገኘ፤ የሬድፊሽ መውጫ ጅረት ግን በጣም ለስላሳ ነው። ዓሣው ከአንዱ ወደ ሌላው በድንገት ሲገባ ሰውነቱ ይታወካል። መፍትሔው ጫጩቶቹን መካከለኛ ጥንካሬ ባለው ውሃ ማለማመድና ከዚያ በኋላ መልቀቅ ሆነ፤ የሚተርፉትም ጨመሩ።

ለእኔ ክትትል ማለት ይህ ነው። ቁጥሩ ውሳኔ ቀይሯል።

ቁጥር በደስታም ያስታል። በ2014 ወደዚያ ተፋሰስ ከ1,500 በላይ ሶክአዮች ተመለሱ፤ ከአንድ ዓሣ ለተነሱ ሰዎች ይህ ትልቅ በዓል ነው። በ2015 ክረምት በረዶ ሳይጠራቀም ቀረ፣ በጋው ነደደ፣ ወንዙ ሞቀ። ከባሕር ሲመጡ በሚያገኙት በመጀመሪያው ግድብ፣ በቦነቪል፣ በሺዎች ያለፉ ዓሣዎች ወደ ሐይቁ ሲደርሱ በራሳቸው ጉልበት የዘለቁት መቶ አይሞሉም ነበር። የታችኛውን መስኮት ብቻ የሚያይ ሰው ዓመቱን መልካም ይለው ነበር።

ወደ ቤታችን እንመለስ። ጣና የራሱ ተጓዥ ዓሣ አለው፤ አስጋሪዎቹ ነጭ ዓሣ የሚሉት ላቤኦባርበስ። በሌላ ዓለም የማይገኙ አሥራ አምስትና ከዚያ በላይ ዝርያዎች በአንድ ሐይቅ ይኖራሉ። በርከት ያሉት በክረምት ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል ዓባይ ወጥተው በጠጠር ላይ እንቁላል ይጥላሉ። እንደ ሳልሞን ወዲያው አይሞቱም፤ ረጅም ዕድሜ አላቸው፣ ተመልሰውም ይወጣሉ። ስለዚህ በወንዙ አፍ ላይ በመረብ የተያዘች እናት የዘንድሮዋ ብቻ ሳትሆን የመጪዎቹ ዓመታትም እናት ናት። በ1986 የሞተር ጀልባና የመረብ ዓሣ ማስገር በሐይቁ ተጀመረ። ተመራማሪዎች በ1990ዎቹ መጀመሪያና በ2001 አካባቢ የያዙትን ሲያነጻጽሩ ወደ ወንዝ የሚወጡት ዝርያዎች በሦስት አራተኛ ገደማ ቀንሰው ተገኙ። ይህንን ልንል የቻልነው በሁለቱም ጊዜ የሚነጻጸር ናሙና ስለተወሰደ ብቻ ነው። ዓሣ ለማደንዘዝ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ገባር ወንዝ ላይ የሚበትነው ሰው ያደረሰው ጉዳት ግን በየትኛው መዝገብ ላይ እንደሚገኝ እናንተው ንገሩኝ።

እዚህ አጠገባችን ደግሞ ግልገል ጊቤ አለ። ኃይል ማመንጫው 184 ሜጋ ዋት ይዞ በ2004 ሥራ ከጀመረ ወዲህ በሰው ሠራሹ ሐይቅ ላይ ዓሣ ማስገር ተስፋፍቷል፤ በዚህ አዳራሽ ያላችሁ ወንድሞች ቆረሶ በሚባለው ዓሣ ልጆች አሳድጋችኋል። የጣናው ነጭ ዓሣ ዘመድ በእነዚህ ወንዞችም አለ። ግድቡ ውሃ ከመያዙ በፊት ወደ የትኛው ገባር ይወጣ እንደነበር ስጠይቅ ግን የማገኘው የሽማግሌዎችን ትዝታ ነው። ትዝታቸውን አከብራለሁ፤ ጽፈንም ልንይዘው ይገባል። ብቻውን ግን ውሳኔ አያሸክምም።

ከአይዳሆ ዘዴውን እንዳለ ገልብጠን እናምጣ አልልም። እነርሱ ሴቷ በጅራቷ ቆፍራ ያጸዳችውን የጠጠር ጎጆ፣ ከአካባቢው ድንጋይ ነጣ ብሎ ስለሚታይ፣ በወንዙ ዳር እየሄዱ ይቆጥሩታል፤ ሁለት ጊዜ እንዳይቆጠርም በአጠገቡ ጨርቅ ያስራሉ። የእኛ ዓሣ የሚወጣው በክረምት ነው። በነሐሴ የጊቤ ገባር እንደ ጭቃ ሲደፈርስ እንኳን ጠጠር የራስን እግርም ማየት አይቻልም። እኛ መቁጠር ያለብን ውሃው ሲጠራ፣ በጥቅምትና በኅዳር፣ በየኩሬው የቀረውን ጫጩት ነው። ጠባብ ዓይን ባለው መረብ፣ በተመሳሳይ ኩሬ፣ በተመሳሳይ ሳምንት፣ በየዓመቱ። ይኸው ወቅት እሸት ቡና የሚታጠብበት ነው። የማጠቢያ ጣቢያዎች ፍሳሽ ወንዝ ሲገባ በውሃው ያለውን ኦክስጅን እንደሚያሟጥጥ በዚህ ዞን የተሠሩ ጥናቶች አሳይተዋል። ጫጩቱ ገና ከገባሩ ሳይወጣ ፍሳሹ ይደርስበታል ወይ? ከጣቢያው በላይና በታች ሁለት ኩሬዎች መርጠን በመቁጠር ልንመልሰው የምንችል ጥያቄ ነው። ብዙ ገንዘብም አይፈልግም።

አስጋሪዎችን በተመለከተ አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። መረጃ ከእናንተ ወስደን ውጤቱን ሳንነግራችሁ መቅረት የቆየ ልማዳችን ነው፤ ያሳፍራል። በወደቡ ላይ የዓሣውን ዓይነት፣ ርዝመትና የመረቡን ዓይን ስፋት የሚመዘግበው ከመካከላችሁ የተመረጠ ሰው ይሁን፣ አበል ይከፈለው፣ ውጤቱም በየሩብ ዓመቱ እዚያው ወደቡ ላይ ይነበብ።

የመጨረሻውና አከራካሪው ሐሳቤ ይህ ነው። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 (ይህ ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው) ከወጣ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። የጎደለን መቼ ምን እንደምናደርግ አስቀድሞ የተጻፈ ስምምነት ነው። ስለዚህ ቆጠራው ከመጀመሩ በፊት ጫጩቱ ምን ያህል ሲቀንስ፣ ለስንት ተከታታይ ዓመት ሲቀንስ፣ የየትኛው ወንዝ አፍ ለማስገር እንደሚዘጋ፣ የተዘጋበት አስጋሪም በምን እንደሚካስ እንጻፍ። ቁጥሩ ከመጣ በኋላ መደራደር ከጀመርን የሚሸነፈው ዓሣው ነው፤ ጉባኤ ላይ ድምፅ የለውምና።

የውሳኔ ሐሳቡ ረቂቅ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ተዘጋጅቶ በየወንበራችሁ ላይ ተቀምጧል። ከሰዓት በኋላ ድምፅ ይሰጥበታል፤ የማትስማሙ እስከ ምሳ ሰዓት ማሻሻያችሁን በጽሑፍ ለጸሐፊው አስረክቡ። ነገ ወደ ግልገል ጊቤ የሚሄደው አውቶቡስ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ይነሳል። ዳርቻው ጭቃ ስለሆነ ቦት ጫማ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ። ጉባኤው በይፋ ተከፍቷል። አመሰግናለሁ።