የአያቴ ምርቃት በነጩ ገመድ

ሰላም፣ እንደምን ከረማችሁ? ዛሬ የማወራችሁ ከሐዋሳ፣ ከእናቴ ቤት ነው። ጉዳዩ ዴክ ነው። አዎ፣ ያ የቪዲዮ ካሴት ማጫወቻው ዴክ። እኛ ቤት ዳንቴል ለብሶ ቁም ሳጥን ላይ ስንት ዘመን ተቀምጧል።

እናቴ የአክስቴን ሠርግ ማየት አማራት። በ1989 ዓ.ም. የተቀረጸ ነው፤ ፍቅር ሐይቅ ዳር ፎቶ ሲነሱ ሁሉ አለበት። አዲሱ ቴሌቪዥን ግን ኤችዲኤምአይና ዩኤስቢ እንጂ የዴኩ ገመድ የሚሰካበት ቢጫ፣ ነጭ፣ ቀይ ቀዳዳ የለውም፤ ቢጫው ለምስል፣ ነጩና ቀዩ ለድምፅ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተስፋ ይቆርጥና ዴኩን ለቆራሌው ይሰጣል። እባካችሁ፣ አትስጡ።

መጀመሪያ የቲቪያችሁን ጀርባ በደንብ እዩት። አንዳንዱ ላይ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ የምትመስል፣ ኤቪ የተጻፈባት አለች፤ የራሷ አጭር ገመድ አላት። አንዳንዱ ላይ ደግሞ አረንጓዴው ቀዳዳ ለቢጫውም ያገለግላል። ሁለቱም ከሌለ መቀየሪያ መግዛት ነው። ስትገዙ ጽሑፉን አንብቡ፤ ከኤቪ ወደ ኤችዲኤምአይ የሚል መሆን አለበት። ተቃራኒውም ይሸጣል፤ መልካቸው አንድ ነው፣ ለዚህ ሥራ ግን አይሆንም። መቀየሪያው ኃይል የሚያገኘው በዩኤስቢ ነው፤ ሳይሰካ ምስል አትጠብቁ። ባለ ቢጫ፣ ነጭና ቀዩን ገመድ ከድሮ ሪሲቨር ላይ ታገኙታላችሁ።

ምስሉ ሲመጣ ቅር እንዳይላችሁ። ቪኤችኤስ የሚባለው፣ ይኼ የተለመደው የቪዲዮ ካሴት፣ የሚይዘው ወደ 240 መስመር ገደማ ጥራት ነው። ትልቅ ስክሪን ላይ መደብዘዙ አይቀርም። የስክሪኑን ቅርጽ 4 በ3 አድርጉት፤ አለበለዚያ የሙሽራዋ ፊት ይለጠጣል። ከአሜሪካ የመጣ ካሴት ከሆነ ደግሞ የቀለም ሥርዓቱ ከኛው ፓል ይለያል፤ ጥቁርና ነጭ ሊሆን ወይም ሊንቀጠቀጥ ይችላል።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ድምፁ ነው። ቢጫው ሠርቶ ሰው ሲታይ "በቃ ሠራ" ብለን ድምፁን እንረሳዋለን። ብዙ ዴኮች የድምፅ ቀዳዳቸው አንድ ብቻ ነው፤ እሱን ቲቪው ወይም መቀየሪያው ላይ ነጩ ላይ ሰኩት። እኛም ነጩን ሰካነው። አያቴ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መለስ አድርገው፣ ጉሮሯቸውን ጠረግ ጠረግ አደረጉና "ውለዱ፣ ክበዱ፣ እንደ አብርሃም እንደ ሣራ ያድርጋችሁ" አሉ። ፊታቸው ደብዝዟል። ድምፃቸው ግን ራሳቸው ናቸው፤ ያቺ ቃሉን ጎተት የሚያደርጉባት ለዛ ሳትቀር። እናቴ እጇን ዘርግታ "አሜን" አለች። ፎቶማ ሞልቶናል። የአያቴ ድምፅ ያለው እዚህ ካሴት ላይ ብቻ ነው።

ስለዚህ ካሴቱን ዝም ብላችሁ ዴክ ውስጥ አትክተቱ። በመስኮቷ በኩል ጥቅልሉን እዩት። ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካለ ሻጋታ ነው፤ ቴፑን የሚያነበውን የዴኩን ራስ (ሄድ) ያቆሽሻል፣ ወደ ሌሎች ካሴቶችም ይዛመታል። እርጥበት ያለበት ቤት ላላችሁ በተለይ ይህን አጥብቄ እላለሁ። ንጹሕ ከሆነ፣ ከማጫወታችሁ በፊት እስከ መጨረሻው አጠንጥኑና መልሱት። ዓመታት ተጣብቆ የቆየ ቴፕ ቀስ ብሎ ይላቀቃል።

ደግሞም ለማየት ብቻ አታጫውቱ፤ እያያችሁ ቅዱ። ቪኤችኤስ የወጣው በፈረንጆቹ 1976 ነው። የመጨረሻው ዴክ አምራች የነበረው የጃፓኑ ፉናይ ደግሞ በ2016 ማምረቱን አቁሟል። ያላችሁ ዴክ ከተበላሸ ምትኩን ሱቅ ሄዳችሁ አዲስ አትገዙም። ቢጫውንና ነጩን በዩኤስቢ ወደ ላፕቶፕ የሚያስገባ ትንሽ መቅጃ አለ። የ3 ሰዓት ካሴት ለመቅዳት 3 ሰዓት ይፈጃል፤ ማፋጠን የለም። ቡና አፍሉና ተቀመጡ። ሲያልቅ አንዱን ቅጂ ፍላሽ ላይ፣ ሌላውን ለዘመድ አዝማድ በቴሌግራም። ዋናውን ካሴት እንዳትጥሉት፤ ወደ ኋላ አጠንጥናችሁ፣ እንደ መጽሐፍ አቁማችሁ፣ ደረቅ ቦታ አስቀምጡት። ቀጠሯችን ሳምንት ነው፤ ደኅና ሁኑልኝ።