ቅዳሜ ጫማችንን ከማውለቃችን በፊት

ጤና ይስጥልኝ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህቶቼና ወንድሞቼ።

እንደምታውቁት የፊታችን ቅዳሜ ለንደን፣ ሳውዝሆል ወደሚገኘው የሲኮች፣ ማለትም ከሕንድ የመነጨው የሲክ ሃይማኖት ተከታዮች፣ ቤተ ጸሎት እንሄዳለን፤ እዚያም እንበላለን። ኮሚቴው «አንተ ከእነሱ ጋር ስንት ዓመት አውቶቡስ ነድተሃል፣ እስቲ ትንሽ አስረዳን» ብሎኝ ነው እዚህ የቆምኩት። ሊቅ አይደለሁም። የማውቀው ካየሁትና ባልደረቦቼን ጠይቄ ከተረዳሁት አይዘልም። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

ባለፈው ስብሰባ አንዲት እናታችን «ልጄ፣ ምን ቸግሮን ነው የሰው ምጽዋት የምንበላው?» ብለው ጠየቁኝ። ያን ቀን ተንተባተብኩ። ዛሬ ልመልስ።

ቤተ ጸሎታቸው ጉርድዋራ ይባላል። በዓለም ላይ የትም ያለ ጉርድዋራ ላንጋር የሚሉት ማዕድ ቤት አለው። የገባ ሁሉ ይበላል፣ አይከፍልም፣ ሃይማኖቱንም የሚጠይቀው የለም። ሕንድ አገር አምሪትሳር ባለው ወርቃማው ቤተ መቅደሳቸው በተራ ቀን እንኳ ከ50,000 ሰው በላይ ይበላል። ቅርባችን ኬንያ ውስጥም፣ ከሞምባሳ ወደ ናይሮቢ በሚወስደው መንገድ ላይ ማኪንዱ የሚባል ቦታ አለ። ባቡሩን ሊዘረጉ የመጡ ሲኮች የተከሉት ጉርድዋራ ዛሬም መንገደኛ ያበላል፣ ያሳድራል።

ነገሩ የጀመረው ፑንጃብ ውስጥ ነው። መሥራቻቸው ጉሩ ናናክ የተወለዱት በ1469 ነው፤ ጉሩ ማለት መምህር ነው። በዚያ ዘመን ሕንድ ውስጥ ማን ከማን ጋር እንደሚበላ የሚወስነው ዘር ነበር። ከፍ ካለ ዘር የተወለደ ከዝቅተኛው እጅ ውኃ አይቀበልም። እሳቸው ሁሉንም መሬት ላይ በአንድ ረድፍ አስቀመጡ። ሦስተኛው ጉሩ አማር ዳስ ደግሞ «እኔን ማየት የሚፈልግ መጀመሪያ ረድፍ ውስጥ ተቀምጦ ይብላ» የሚል ሕግ አወጡ። የሕንዱ ንጉሠ ነገሥት አክባር ራሱ መሬት ተቀምጦ በላ ብለው ይተርካሉ። እና እናቴ፣ ድሃው እዚያ ይጠግባል፣ እሱ እውነት ነው። ዋናው ቁም ነገር ግን ሀብታሙ ከጎኑ መሬት መቀመጡ ነው። ምጽዋት ቢሆን ኖሮ ንጉሥ አይሰለፍም ነበር።

ይህ ለምን ልቤን እንደነካው ልንገራችሁ። በሠርጌ ቀን እንደ ወጉ ለሙስሊም እንግዶቼ ለብቻ አሳረድኩ፣ ለብቻ ድንኳን አስጣልኩ። በአክብሮት ነው ያደረግኩት፤ ሁላችንም እንዲሁ ነው የምናደርገው። ግን አብሮ አደጌ፣ ከአንድ ትሪ ስንበላ ያደግን ልጅ፣ በሠርጌ ቀን ከእኔ ጋር እንጀራ አልቆረሰም። ሲኮቹ ይህን ጣጣ በምስር ፈቱት። ላንጋር ውስጥ ሥጋ የለም፣ ዓሣም እንቁላልም የለም። ዳል የሚሉት የእኛ ምስር ወጥ ዘመድ ነው፣ በርበሬው ቀርቶበት። የክርስቲያን ሥጋ፣ የእስላም ሥጋ የሚባል ነገር አይነሳም።

ሲኮች እንከን የላቸውም እያልኩ አይደለም። እዚሁ እንግሊዝ አገር በዘር ግንድ ተለይተው የተቋቋሙ ጉርድዋራዎች አሉ። በምሬት የነገረኝ የራሴ ባልደረባ ነው።

አሁን ወደ ሥርዓቱ። በሩ ላይ ጫማ ይወልቃል፣ ራስ ይሸፈናል። እናቶች፣ ነጠላችሁ በቂ ነው። ወንዶች፣ መሸፈኛ ጨርቅ በሩ ላይ ታገኛላችሁ። ሲጋራ ኪሳችሁ ውስጥ እንዳይኖር፣ ነውር ነው።

አዳራሹ ውስጥ መጽሐፋቸው ጉሩ ግራንት ሳሂብ ከፍ ባለ ቦታ፣ ጥላ ተዘርግቶለት ታዩታላችሁ። 1,430 ገጽ ነው። አሥረኛው ጉሩ በ1708 ከማረፋቸው በፊት «ከእንግዲህ መሪያችሁ ይህ ነው» ስላሉ እንደ ሕያው መሪ ያከብሩታል። ማታ ማታ በአጀብ ወስደው በራሱ ክፍል ያሳርፉታል። የታቦት አጀብ ለሚያውቅ ሰው ብዙ እንግዳ አይሆንበትም። እኔን የገረመኝ ውስጡ ነው። ከጉሩዎቹ ዝማሬ ጎን የሙስሊሙ ሼክ ፋሪድ ግጥም አለ። የሸማኔው ካቢር አለ። የቆዳ ሠራተኛው ራቪዳስ አለ። እኛ አገር ሸማኔውንና ፋቂውን «ቡዳ» ስንል አልነበር? እነሱ የእነዚህን ሰዎች ቃል ቅዱስ መጽሐፋቸው ውስጥ አስገብተው ይሰግዱለታል። እናንተ ግን ስገዱ የሚላችሁ የለም። በጸጥታ መቀመጥ ይበቃል።

ሲወጡ ከዱቄት፣ ከቅቤና ከስኳር የተሠራ ትኩስ ነገር በእጅ ይሰጣል። የጭኮ ዘመድ በሉት። ጸሎት የተደረገበት ስለሆነ ሃይማኖቴ አይፈቅድም የምትሉ እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አድርጋችሁ እለፉ፤ አይቀየሙም። የነቢያትን ጾም የያዛችሁም ልብ በሉ፦ ቅቤና ወተት አለ። ሻዩ ራሱ በወተት ነው የሚፈላው። «ሥጋ የለውም ብለኸን» ብላችሁ እንዳትወቅሱኝ!

ይሉኝታን ደግሞ ቤት ትታችሁ ኑ። «በልቻለሁ» ካላችሁ አመኑ ማለት ነው፣ ባልዲውን ይዘው ወደሚቀጥለው ሰው ያልፋሉ። «በሞቴ» የሚል አትጠብቁ።

ልጆች ስለ ጥምጥሙና ስለ ጩቤው መጠየቃቸው አይቀርም። በ1699 አሥረኛው ጉሩ፣ ጎቢንድ ሲንግ፣ ካልሳ የተባለውን ማኅበር ሲመሠርቱ የታወቁ አምስት ምልክቶች አሉ፦ ያልተቆረጠ ፀጉር፣ ማበጠሪያ፣ የብረት አምባር፣ ልዩ የውስጥ ቁምጣና ኪርፓን የሚሉት ጩቤ። ጥምጥሙ ያንን ፀጉር የሚጠብቅ ነው። እዚህ አገር በነፃ አልተገኘም። በ1967 ወልቨርሃምፕተን ውስጥ አንድ የአውቶቡስ ሹፌር ከሕመም ፈቃድ ሲመለስ ጺሙን አሳድጎ ጥምጥም አስሮ መጣ። ወደ ቤቱ ሰደዱት። ሙግቱና ሰልፉ እስከ 1969 ቀጠለ፣ በመጨረሻ ክልከላው ተነሳ። እኔ ዛሬ ጥምጥም ካሰረ ሰው መሪ ስረከብ ማንም ዞር ብሎ አያየንም።

ግድግዳ ላይ ደም ያለበት ሥዕል ካያችሁ የሰማዕቶቻቸው ነው። ስለ 1984 በቀልድ አትጠይቁ። በዚያ ዓመት ሰኔ ላይ የሕንድ ጦር ወርቃማው ቤተ መቅደስ ገባ። ጥቅምት መጨረሻ ላይ የሕንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ኢንዲራ ጋንዲ በሲክ ጠባቂዎቻቸው ከተገደሉ በኋላ ደግሞ በሺዎች የሚቆጠሩ ሲኮች ተጨፈጨፉ። የእኛን ቁስል እንግዳ ሰው ሲነካካብን ምን እንደምንሆን ታውቁታላችሁ።

ጨዋታ ለመጀመር የሚሆን አንድ ነገር ልስጣችሁ። በ1941፣ በእኛ ጥር 1933 መሆኑ ነው፣ ጣሊያን መተማን ለቆ ሲሸሽ መንገዱን ሁሉ ፈንጂ ቀብሮበት ነበር። ፊት ፊት እየሄደ ያጸዳው ከእንግሊዝ ጎን የተሰለፈው የሕንድ ጦር ወጣት መኮንን፣ ፕሬሚንድራ ሲንግ ባጋት የሚባል ነው፣ ከሲክ ቤተሰብ የተወለደ። በ4 ቀን ውስጥ 15 የፈንጂ ሜዳ። የሚጓዝበት ተሽከርካሪ ሁለት ጊዜ ፈንጂ ረገጠ። የጆሮው ታምቡር ተቀዶ «ሌላ ሰው ይተካህ» ሲሉት «አሁን ሥራውን የለመድኩት እኔ ነኝ» ብሎ እምቢ አለ። ቪክቶሪያ ክሮስ የሚባለውን የእንግሊዝ ከፍተኛ የጀግንነት ሜዳይ ተሸልሟል። ሽማግሌዎቹ ይህን ከእናንተ አፍ ሲሰሙ ፊታቸውን እዩ።

የመጨረሻው። እዚያ የሚያበስለው፣ የሚያድለው፣ ሳህን የሚያጥበው፣ ጫማ የሚጠብቀው አብዛኛው በፈቃዱ የመጣ ሰው ነው። ሴዋ ይሉታል። ሐኪሙም ባለሱቁም ያጥባል። እኛም ከበላን በኋላ አንድ ሰዓት እንድንሠራ ጠይቄ እሺ ብለውኛል። ስምንት ሰው ለሳህን፣ አራት ሰው ቂጣ ለመዳመጥ እፈልጋለሁ። ጠዋት 4 ሰዓት ባቡር ጣቢያው በር ላይ እንገናኝ፣ የሐበሻ ቀጠሮ እንዳይሆን አደራ።

ወረቀቱ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነው። እናቴ፣ ቂጣው ላይ የመጀመሪያው ስም የእርስዎ ነው፤ ሳላስፈቅድ ጽፌዋለሁ።