የሚያበራው የጠፈር አቧራ

ክቡራን መምህራን፣ የተከበራችሁ ወላጆች፣ ውድ የሳይንስ ክበብ አባላት፤

በክበባችን ዓመታዊ በዓል ላይ እንድናገር ስትጋብዙኝ የመረጥሁት ርዕስ የጠፈር አቧራ ነው። ልጆቻችን «አቧራ የከዋክብትን ብርሃን ይጋርዳል» ብለው በደብተራቸው ይጽፋሉ፤ ፈተናም ያልፉበታል። እውነት ነው፣ ይጋርዳል። ነገር ግን ያበራልም፤ የሚያበራውም አጠገቡ ያለውን ኮከብ ብርሃን በመበተን ነው፤ ይህ ሁለተኛው እውነት መዘለሉ ያንገበግበኛል።

በመጽሐፈ ኢዮብ የሚነሡት፣ በኅዳር ሲመሽ ከጎንደር በስተ ምሥራቅ ወጥተው የምናያቸው ሰባቱ ከዋክብት፣ ፎቶግራፍ ሲነሡ ጭጋግ ተጎናጽፈው ይታያሉ። እ.ኤ.አ. በ1912 ቬስቶ ስላይፈር የተባለ ተመራማሪ፣ በአሪዞና ፍላግስታፍ በሚገኘው የሎዌል ምልከታ ጣቢያ ሆኖ፣ ከእነርሱ አንዷ በሆነችው በሜሮፔ ዙሪያ ያለውን ጭጋግ ብርሃን በየቀለሙ ዘርዝሮ መረመረ። ብርሃኑ እጅግ ደብዛዛ ስለነበር፣ በፎቶግራፍ ሰሌዳው ላይ ምልክቱን እስኪያሳርፍ ብዙ ሰዓታት በትዕግሥት መጠበቅ ግድ ሆነበት። ጭጋጉ በራሱ የሚያበራ ጋዝ ቢሆን ኖሮ ደማቅ መስመሮች በታዩ ነበር፤ እርሱ ያገኘው ግን ሜሮፔ ራሷ የምታሳያቸውን ጥቁር መስመሮች ነው። ብርሃኑ የኮከቧ ነበር፤ አቧራው ተቀብሎ በተነው።

ጭጋጉ ሰማያዊ የሆነው ቅንጣቶቹ ከአንድ ሚሊሜትር ሺህኛ ያነሡ በመሆናቸውና ሰማያዊውን ብርሃን ከቀዩ አብልጠው ስለሚበትኑ ነው፤ በመስኮት የገባ የጠዋት ፀሐይ ያረፈበት የዕጣን ጭስም በዚሁ ምክንያት ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። በቀዩ ኮከብ በአንታሬስ ዙሪያ ያለው አቧራ ግን ወደ ቢጫነት ያደላል፤ ኮከቡ ራሱ ያለው ሰማያዊ ብርሃን ጥቂት ነውና።

ታዲያ ይህን ልጆቻችን የት ይማሩት? የሰማይ ትምህርት በጠራራ ፀሐይ፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ በቃል ጽሕፈት ይሰጣል! ስሙን የማልጠራው አንድ ትምህርት ቤት በስጦታ ያገኘውን ቴሌስኮፕ «ይሰበራል» ብሎ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፎበታል። የተቆለፈው ከተሰበረው በምን ይሻላል? ስላይፈር ሰሌዳውን ወደ ሰማይ ባያቀና ኖሮ እኛ ዛሬ ስለ ሜሮፔ ምን እናውቅ ነበር?

ጭጋጉ በዓይን ብቻ አይታይም፤ ከዋክብቱ ግን ይታያሉ፤ መጀመሪያው እርሱ ነው። በመጪው ኅዳር፣ ጨረቃ በሌለችበት ማታ፣ ተማሪዎቹን ከከተማው መብራት አርቀን ወደ ኮሶዬ እንወስዳቸዋለን። መኪና ያላችሁ ወላጆች ከዚህ ሳትወጡ ስማችሁን ለክበቡ ጸሐፊ አስመዝግቡ።

አመሰግናለሁ።