አባዬ ለምን ቅዳሴ ቀረ

ሰላም እንዴት ናችሁ፣ ዛሬ እንግዳ የለም ብቻዬን ነኝ፣ ስለ አባዬ ላወራችሁ ነው፣ እሱም አውራው ብሎኛል።

አባዬ የፕሮስቴት ካንሰር ተገኘበትና ኦፕራሲዮን ሆነ፣ ፕሮስቴቱ፣ ማለት ከሽንት ፊኛ ስር ያለው የወንዶች ዕጢ፣ ሙሉ ለሙሉ ወጣ፣ ዶክተሩ "በቃ ተገላግለዋል" አለው፣ እኛም እልል አልን። ከዛ አባዬ ቅዳሴ ቀረ። እሁድ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነጠላውን አጣፍቶ የሚወጣ ሰው እኮ ነው! ለቅሶ ቤትም ቁጭ በል ሲሉት "እቸኩላለሁ" ብሎ ቆሞ ይመለሳል። ዕድሜ ነው ምናምን እያልን ሦስት ወር አለፈ። አንድ ቀን መኪናዬ ውስጥ ሊገባ ሲል ከጋቢው ስር የታጠፈ ፎጣ አወጣና ወንበሩ ላይ ቀስ ብሎ አነጠፈው፣ አየሁት፣ አየኝ፣ ሁለታችንም ዝም አልን።

ሽንቱ ነው ለካ። ሲያስለው፣ ብድግ ሲል ያመልጠዋል። እንዲህ ሆኜ እንዴት ቤተ መቅደስ እገባለሁ ብሎ ነው። የባልና ሚስቱም ነገር እንደዛው፣ እሱን እማዬ ናት በኋላ ለእህቴ የነገረቻት። ይሄን ሁሉ ቀድሞ የነገረው ሰው አልነበረም፣ እኔን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

ከዛ ማንበብ ጀመርኩ። እንግሊዝ ውስጥ ፕሮቴክት የሚባል ጥናት አለ፣ ካንሰሩ ገና ከፕሮስቴት ሳይወጣ የተገኘባቸው 1643 ወንዶች በዕጣ ለኦፕራሲዮን፣ ለራዲዬሽንና ለክትትል ብቻ ተመደቡ፣ ከ15 ዓመት በኋላ በሦስቱም መንገድ ከመቶ 97 ያህሉን ካንሰሩ አልገደላቸውም። ኑሯቸው ግን ለየቅል ነው። ለኦፕራሲዮን ከተመደቡት ከመቶ 46ቱ በስድስተኛው ወር ሽንት የሚመጥ ፓድ ያደርጉ ነበር፣ በስድስተኛው ዓመት 17 ሆኑ። ራዲዬሽን ደግሞ አንጀት ያስቸግራል፣ ደም የቀላቀለ ሰገራ አለ። ክትትሉም በነፃ አይደለም፣ ካንሰሩ የተሰራጨባቸው ከሁለቱ አንጻር እጥፍ ገደማ ናቸው። ካንሰሩ ቀድሞ ለተሰራጨበት ሰው ነገሩ ሌላ ነው፣ የወንድ ሆርሞን የሚቀንሰው መርፌ ዕድሜ ያራዝማል፣ ግን ድንገተኛ የሙቀት ስሜትና ላብ ያመጣል፣ አጥንት ያሳሳል፣ የባልና ሚስት ፍላጎት ያጠፋል።

አባዬ ይሄን ሰምቶ ቢሆን ምናልባት ያው ኦፕራሲዮኑን ይመርጥ ነበር። ግን አውቆ ይገባበት ነበር፣ ፎጣውንም አይደብቀንም ነበር።

አሁን አንዲት ፊዚዮቴራፒስት አስተምራዋለች፣ ሽንት ሲያቋርጡ እንደሚደረገው ታችኛውን ጡንቻ አጥብቆ መያዝ፣ መልቀቅ፣ ዜና እያየ ይሰራዋል። ለንስሐ አባቱም ነገራቸው፣ "ሕመም ነው ልጄ፣ ና" አሉት። ሲያስለው አሁንም ያመልጠዋል። ለቅሶ ቤት ግን ይቀመጣል፣ በር አጠገብ።