ሽንኩርት፣ ዳቦና ያልተዳረሰው ርእስ

እሱ፦ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ የምናወራው ሥጋ ሳይገባባቸው ቤት ውስጥ ተሠርተው ዳቦ ላይ ስለሚደረጉ ነገሮች ነው። እንጉዳይ፣ ደበርጃን፣ ሽምብራ፣ አቮካዶ። አራቱንም እናዳርሳለን።

እሷ፦ አናዳርስም። ሽንኩርትስ?

እሱ፦ ሽንኩርት በዝርዝሩ ውስጥ የለም።

እሷ፦ ጥፋቱ የዝርዝሩ ነዋ! ስማኝ፤ እሑድ ዕለት ወንድሜ ሊጠይቀኝ መጣ። ድስት ሙሉ ቀይ ሽንኩርት በስሱ ከትፌ በዝግታ ማቁላላት ጀመርኩ። ገና ከመጣዱ «ደረሰ?» አለኝ። ገና ነው። አንዴ አማስዬ ሳልጨርስ «ደረሰ?»

እሱ፦ የራበው ሰው ምን ያድርግ?

እሷ፦ ይጠብቅ! ሽንኩርት 90 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው። ውሃው እስካለ ድረስ ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ እምብዛም አያልፍም፤ ስለዚህ ይቀቀላል እንጂ አይጠቁርም። ውሃው ሲያልቅ ነው ቡናማ መሆንና መጣፈጥ የሚጀምረው። 40 ደቂቃ፣ ከዚያም በላይ ይፈጃል። በ5 ደቂቃ ይደርሳል ብለው የሚጽፉ ሰዎች ሽንኩርት አቁላልተው የሚያውቁ አይመስለኝም።

እሱ፦ ቆንጠር አድርገሽ ቤኪንግ ሶዳ ብትጨምሪበት ይፈጥናል።

እሷ፦ ይፈጥናል፤ ይላሽቃልም።

እሱ፦ ዳቦ ላይ ለሚቀባ ነገር መላሸቁ ምን ይጎዳል?

እሷ፦ እኔ ሽንኩርት መብላቴን ጥርሴ እንዲያውቀው እፈልጋለሁ።

እሱ፦ እኔ ግን ሶዳዬን አልተውም። ወንድምሽስ?

እሷ፦ ዳቦ ልቆርጥ ዞር ብዬ ስመለስ ማንኪያ ይዞ ድስቱ ላይ አጎንብሷል። ግማሹ የለም! «እየቀመስኩ ነው» ይለኛል።

እሱ፦ እንግዲያው ዳቦው አያስፈልግም ማለት ነው፤ ውይይታችንን እንዝጋ።

እሷ፦ እንዲያውም ዋናው ዳቦው ነው! ሰው የሚጨነቀው ከላይ ስለሚደረገው ነው። የሚያበላሸው ግን ውሃ ነው። ቲማቲም ከትፈህ በቀጥታ ዳቦ ላይ ስታደርግ ወዲያው ይበሰብሳል። መጀመሪያ ጨው ነስንሰህ ወንፊት ላይ አቆየው፤ ጨው ውሃውን ይስበዋል። ዳቦውን ደረቅ እስኪል ጥበሰው፣ ነጭ ሽንኩርት ፈግፍግበት፤ ሻካራው ገጹ ራሱ ይፈቀፍቀዋል። ቀጥሎ ዘይት። ቲማቲሙ መጨረሻ ላይ ነው፤ ዘይቱ እርጥበቱን ያዘገየዋል።

እሱ፦ ለዚህ ሁሉ ግን ትኩስ ዳቦ ያስፈልጋል።

እሷ፦ ያደረ!

እሱ፦ ትኩስ።

እሷ፦ ያደረ ነው የምልህ። በጣሊያን የቶስካና ሰዎች ፓንዛኔላ የሚባለውን ሰላጣ የሚሠሩት በደረቀ ዳቦ ነው። ትኩስ ዳቦ ቢያገኘው ገንፎ ይሆናል።

እሱ፦ ሰላጣ ሌላ ነገር ነው። እኔስ ያደረ እንዳይሆንብኝ ብዬ ነው ፍሪጅ ውስጥ የማስቀምጠው።

እሷ፦ ፍሪጅ? ዳቦ የሚጠነክረው ውሃው ስለሚተን ብቻ አይደለም፤ ስታርች የሚባለው የዱቄቱ ዋና ክፍል መልሶ ስለሚደድር ነው። ፍሪጅ ውስጥ ይህ ከውጭ ይልቅ ይፈጥናል። ወይ ውጭ ተወው፣ ወይ በረዶ ቤት ከትተህ በምትፈልገው ቀን ጥበሰው፤ ሲሞቅ ይለሰልሳል።

እሱ፦ እሺ፣ ፍሪጁን ተውኩት። ትኩሱን ግን አልተውም። አሁን እባክሽ ወደ እንጉዳዩ እንሂድ።

እሷ፦ እንጉዳይም እንደ ሽንኩርቱ ውሃ ነው። መጥበሻው ላይ አታጨናንቀው፤ ውሃው እስኪመጥ ጠብቅ፣ ቅቤም ዘይትም ከዚያ በኋላ ይምጣ።

እሱ፦ እኔ ዘይቱን ቀድሜ ነው የማደርገው።

እሷ፦ ይሆናል፤ የእኔ ግን ይበልጣል። ደበርጃኑን ሳትልጥ እሳት ላይ አገላብጠው፤ ልጣጩ ይረር፣ ውስጡ ይሙክክ። ከዚያ ወንፊት ላይ አንጠፍጥፈው...

እሱ፦ ደግሞ ወንፊት!

እሷ፦ ደግሞ ወንፊት። ከዚያ በተፈጨ ሰሊጥ፣ በሎሚና በነጭ ሽንኩርት ምታው። ሽምብራም ተቀቅሎ ሲደቅ የሚፈልገው እነዚህኑ ነው፤ ሁለቱን በአንድ አዳረስኩልህ።

እሱ፦ አቮካዶስ?

እሷ፦ እንዳይጠቁር ሎሚ ጭመቅበት። ስለ አቮካዶ ሌላ የምለው የለኝም።

እሱ፦ እኔ ግን አለኝ።

እሷ፦ ለሚቀጥለው ክፍል አቆየው።